ትንሹ ባለ ደን፦ ከኦክላንድ ኮረብታ እስከ አዊ

በ1910 ፍራንክ ሄቨንስ የሚባል የኦክላንድ ባለሀብት «ማሆጋኒ ዩካሊፕተስ ኤንድ ላንድ ካምፓኒ» የተሰኘ ኩባንያ አቋቋመ። (ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ራሱ ነጋዴ ነበር፤ ማሆጋኒ ያልሆነውን ዛፍ ማሆጋኒ ብሎ ጠርቶታል። ሄቨንስ «ቦራክስ ስሚዝ» በሚል ቅጽል ከሚታወቀው የማዕድን ከበርቴ ጋር ሽርክና ነበረው፤ ሁለቱ ከኦክላንድና ከበርክሊ በላይ ያለውን ኮረብታ ሰፊ ክፍል ጠቅልለው ይዘውታል። ሄቨንስ ችግኝ ጣቢያ ከፈተ፣ የቀን ሠራተኛ አሰማራና 14 ማይል ያህል በሚዘረጋ ሸንተረር ላይ ነጭ ባህር ዛፍ ደረደረ። የተተከለው ከ1 ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ዛፍ እንደሚሆን ይነገራል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ሻጮቹ ራሳቸው ስለነበሩ አያስገርምም።

ኮረብታው ቀድሞም ባዶ አልነበረም። ከባሕር የሚመጡ መርከበኞች አቅጣጫ ይለዩባቸው የነበሩ ግዙፍ የሬድውድ ዛፎች እዚያ ቆመው ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በወርቅ ጥድፊያው ስታብጥ መጋዙ ወጣባቸውና እስከ 1860 ድረስ ተጠርገው አለቁ። ሄቨንስ የደረሰው ሣር ብቻ የቀረበት ተራራ ላይ ነው።

የባህር ዛፉን ጥድፊያ ያቀጣጠለችው አንዲት የመንግሥት ወረቀት ነበረች። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1907 ባወጣው ሰርኩላር የምሥራቁ አገር ጠንካራ እንጨት በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ መሬት ያለው ሁሉ ባህር ዛፍ ተካይ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ባህር ዛፍ ገዢ ሆነ። ደራሲው ጃክ ለንደን እንኳ ግሌን ኤለን ባለው እርሻው ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ችግኝ አፍልቷል። የሳንታ ፌ ምድር ባቡር ኩባንያ ለሐዲድ መሻገሪያ እንጨት ብሎ ከሳን ዲዬጎ በላይ 3 ሚሊዮን ያህል ተከለ። ደላሎች መሬቱን በቁራጭ ቁራጭ እየሸነሸኑ፣ ዛፉን በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ ደመወዝተኛ «ተኝተህ ትከብራለህ» እያሉ ሸጡ። በግል የተያዘ ትንሽ ደን ካሊፎርኒያ ውስጥ በስፋት የተሸጠው እንዲህ ባለ ወሬ ነው።

ውሎ አድሮ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ወሬውም አብሮት ተሰነጠቀ። ከአውስትራሊያ ይመጣ የነበረው ዝነኛ ጣውላ መቶ ዓመት ካለፋቸው ዛፎች የተላገ ነበር። የካሊፎርኒያው ግን ለጋ ስለሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማርም አይዝም። በ1913 ገበያው አለቀለት። ሄቨንስ ጣውላውን ትቶ መሬቱን ለቤት መሥሪያ ወደ መሸጥ ዞረ። ዛፎቹን የሚቆርጥም የሚንከባከብም ጠፋ፤ ኮረብታው በየመቶ ካሬው ሌላ ባለቤት እየያዘ ሄደ።

አሁን ወደ ሸዋ እንሻገር፤ ዘመኑ ያው ነው፣ ዛፉም ያው ነጭ ባህር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1880ዎቹ ስትቆረቆር የእንጦጦ ጽድና ኮሶ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ እየተባለ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመነጠረ። ምኒልክ እንጨት ፍለጋ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባህር ዛፍ ከተማዋን ከስደት አዳናት። ንጉሡ ችግኝ በርካሽ አከፋፈሉ፣ ባህር ዛፍ ለተተከለበት መሬትም ግብር ማሩ። መኳንንቱም ካህኑም ባለ ጓሮውም ተከለ።

ኦክላንድ ላይ ባለቤቱን ያከሰረ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ባለቤቱን ያኖረው አፈሩ ስለተለየ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ጣውላ የጠየቀው አልነበረም። አጣና፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ጭራሮና ቅጠል ነበር የሚፈለገው፤ ለዚህ ደግሞ አምስት ዓመት የሞላው ዛፍ ይበቃል። ከተቆረጠም በኋላ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከዚህም በላይ ባለቤቱ ከዛፉ አጠገብ ይኖራል፤ የልጅ ሠርግ ሲደርስ ወይም ሕመም ሲመጣ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ያውቃል። የኦክላንዱ ገዢ የነበረው በእጁ የአክሲዮን ወረቀት፣ በልቡም ያልበሰለ ተስፋ ነው። ዛፍ ከባለቤቱ ዕድሜና ከባለቤቱ ጉዳይ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ካልተመጣጠነ ወይ ዛፉ ይጎዳል ወይ ባለቤቱ። እዚህም እዚያም የትንሹ ባለ ደን ችግር ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል ባይ ነኝ።

እኔ በምኖርበት በሳን ሆዜ አካባቢ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአገር የሚመጡ እናቶች የኦክላንድ ኮረብታ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቅጠሉን በእጃቸው ጨምቀው ማሽተት ነው። አንዲት እናት ከመንገዱ ዳር ቆመው፣ በቁመቱ ሰማይ የነካውን ግንድ፣ ከላዩ እንደ ጨርቅ የተንጠለጠለውን ቅርፊትና መሬት ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የተቆለለውን ደረቅ ቅጠል ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ማገዶ ጥሎት የሄደው ማነው?» አሉኝ። ባለቤቱ ብዙ ነው እማማ፣ አልኳቸው። «እንግዲያው ባለቤት የለውማ!» ብለው ጥቂት ደህና ደህና ቅጠል ለጉንፋን መታጠኛ በፌስታል ያዙ።

እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉትን የአካባቢው ባለሥልጣናት በብዙ ጥራዝ ጽፈውታል። በታኅሣሥ 1972 ያልተለመደ ብርድ ወርዶ የኮረብታው ባህር ዛፍ ደረቀ፤ ይቃጠላል በሚል ፍርሃት ብዙው ተቆረጠ። የተቆረጠው ግን አቆጠቆጠ፤ ከአንድ ጉቶም ብዙ ቀጫጭን ግንድ ወጣ። ጥቅምት 20 ቀን 1991፣ እሑድ፣ በዋዜማው የጠፋ የመሰለ የሣር እሳት በደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ተነሣና ከተማው ውስጥ ገባ። 25 ሰው ሞተ፤ ከ3,000 በላይ መኖሪያ ወደመ። በእርግጥ የተቃጠለው ባህር ዛፍ ብቻ አልነበረም፤ የእንጨት ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ ጠባብ መንገድና የአምስት ዓመት ድርቅም ድርሻ ነበራቸው። ዛፉን ብቻ የሚከስሱ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ግን ትምህርት አለው። የበርክሊው ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክላንድ ከተማና የአካባቢው ፓርክ አስተዳደር ባህር ዛፉን ለመቀነስ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ጠየቁ። ዛፉን የሚወዱ ነዋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2016 ለዩኒቨርሲቲውና ለከተማው የተመደበው ገንዘብ ተሠረዘ። አንዱ ባለ ይዞታ ግቢውን ቢያጸዳ ጎረቤቱ ካላጸዳ ትርፉ ድካም ነው፤ እሳት የይዞታ ካርታ አያነብም። በኅዳር 2024 የኦክላንድ መራጮች ለእሳት መከላከያ በየቁራሽ መሬቱ የሚከፈል ዓመታዊ ግብር ያጸደቁት ይህን ያህል ዘመን ከተጨቃጨቁ በኋላ ነው።

ያው 1991 ለእኛም የከፋ የደን ዓመት ነበር፤ መንሥኤው ግን ሌላ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1965፣ ስለ ደን ሦስት አዋጆች ሲወጡ አንደኛው የግል ደንን የሚመለከት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 በኛ አቆጣጠር፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የመኳንንት ባህር ዛፍ ወደ መንግሥትና ወደ ገበሬ ማኅበር ዞረ። በ1980ዎቹ ሕዝቡ በምግብ ለሥራ እየወጣ በየተራራው ችግኝ ተከለ፤ የተከለው ግን የማንም አልነበረም። የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ በግንቦት 1991 በየቦታው መጥረቢያ ተነሣ፤ ገበሬው በገዛ እጁ የተከለውን ዛፍ በገዛ እጁ ጣለው። ይህን ድርጊት «ያልሠለጠነ ሕዝብ» ሥራ ብለው የሚያልፉ የከተማ ሰዎችን ስሰማ ይገርመኛል። ከቆረጡት ወገን አንዳንዱ ያሰበው ቀላል ነገር ነው፦ ነገ ለሌላ ከሚሆን ዛሬ ለኔ ይሁን።

ወደ ሳን ሆዜ ልመለስ፤ ከተማዋ በስተ ምዕራብ የምታየው የሳንታ ክሩዝ ተራራ የትንሹ ባለ ደን ታሪክ ጓዳ ነው። አንድሩው ሂል የሳን ሆዜ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በ1900 ፌልተን አጠገብ ያሉትን ግዙፍ ሬድውዶች ፎቶ ሊያነሣ ሄደ። የደኑ ባለቤት፣ ይህ የግል ይዞታዬ ነው፣ ኔጋቲቩን ስጠኝ አለው። ሂል እምቢ ብሎ በንዴት ወጣና ወዳጆቹን አሰባስቦ «ሴምፐርቫይረንስ ክለብ»ን መሠረተ። የክለቡ ውትወታ በ1902 ቢግ ቤዝን የተባለውን ፓርክ አስገኘ፤ የካሊፎርኒያ የመጀመሪያው የሬድውድ ፓርክ ነው። በየመጽሐፉ ባለ ደኑ እንደ ክፉ ሰው ይተረካል። ነገር ግን ያን ደን ከመጋዝ አትርፎ ለጎብኚ ያቆየው የባለ ደኑ ቤተሰብ ነው። ፎቶ አንሺው ሲደርስ ዛፎቹ ያልተቆረጡት በእነርሱ ምክንያት ነው።

የተቀረው ተራራ በአብዛኛው ተቆርጧል። ሬድውድ ግን እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ዛሬ ተራራውን ያለበሰው ሁለተኛው ትውልድ ነው። መሬቱ ለበጋ ማረፊያና ለመኖሪያ ተከፋፍሎ ተሸጧል። በመላው ካሊፎርኒያ 9 ሚሊዮን ኤከር ያህል ደን በግለሰቦችና በቤተሰቦች እጅ ነው፤ ከእነዚህ ባለቤቶች 90 በመቶ ገደማ ከ50 ኤከር በታች ነው ያላቸው።

ሕጉ እነዚህን ሰዎች ለረጅም ጊዜ በግልባጭ ነው የያዛቸው። ካሊፎርኒያ የቆመን ዛፍ እንደ ቤትና እንደ ሱቅ በየዓመቱ ግብር ታስከፍልበት ነበር። ዛፉ ባደገ ቁጥር ግብሩ ያድጋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቀድሞ መቁረጥ ይሻለው ነበር። በ1926 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ለጋው ዛፍ ለ40 ዓመት ነጻ ሲወጣ ቅድመ ሁኔታው ከአሮጌው ዛፍ 70 በመቶው መቆረጡ ነበር። ማለት፣ ነጻ ለመውጣት መጀመሪያ መመንጠር! ይህ የተስተካከለው በ1976 ነው። ከዚያ ወዲህ ባለ ደኑ መሬቱን ለእንጨት ምርት ብቻ ለ10 ዓመት ያውላል፣ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የዛፉም ግብር ሲቆረጥ ብቻ ይከፈላል።

ከግብሩ ቀጥሎ የቁጥጥሩ ጉዳይ መጣ። ከሳን ሆዜ ሰሜን ምዕራብ ያለው የሳን ማቴዎ ካውንቲ ከአንድ እንጨት ኩባንያ ጋር ተካሶ በ1971 ፍርድ ቤቱ የነበረውን የደን ሕግ ሻረው። የመቁረጫውን ደንብ የሚያወጡት ራሳቸው ቆራጮቹ ናቸው፣ ይህ አይሆንም ተባለ። በ1973 አዲሱ ሕግ ወጣ፦ ከመቆረጡ በፊት ፈቃድ ያለው የደን ባለሙያ (ፎረስተር ይሉታል) ዕቅድ ጽፎ መንግሥት ማጽደቅ አለበት። በሳንታ ክሩዝ፣ በሳንታ ክላራና በሳን ማቴዎ ደግሞ ደኑን ጨርሶ መመንጠር ክልክል ነው፤ ዛፍ እየተመረጠ ነው የሚወድቀው። ፎረስተሩ ከግንድ ግንድ እየዞረ የሚወድቀውን በቀለም ምልክት ያደርግበታል።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ ውጤቱ በዓይን ይታያል። ችግሩ አንድ ዓይነት መሆኑ ላይ ነበር። መቶ ሺህ ኤከር ያለው ኩባንያና ከጡረታው ላይ ቆጥቦ 40 ኤከር የያዘ መምህር አንድ ዓይነት ዕቅድ ይጻፉ ማለት፣ ለመምህሩ አትቁረጥ ማለት ነው። የዕቅዱ ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ቆይቶ ከ2,500 ኤከር በታች ላላቸው ባለ ደኖች ለብቻው የተሠራ ዕቅድ መጣ። አንድ ጊዜ በደንብ ይጻፋል፣ ጊዜው አያልፍም፣ ባለቤቱ ከዚያ በኋላ በቆረጠ ቁጥር ማስታወቂያ ብቻ ያስገባል። በምላሹ ደኑ ምንጊዜም የትንሹም የትልቁም ዛፍ ድብልቅ ሆኖ መቆየት አለበት። እኔ ከካሊፎርኒያ ደን ሕግ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ የዛሬው ባለቤት የልጅ ልጁ ምን ሊቆርጥ እንደሚችል ከወዲሁ አውቆ ያድራል።

ይህም ሆኖ ነሐሴ 16 ቀን 2020 ዝናብ የሌለው መብረቅ ተራራውን መታው። እሳቱ 86,509 ኤከር በላ፣ 1,490 ሕንፃ አወደመ፤ ቢግ ቤዝንም ከሞላ ጎደል ተቃጠለ። ሬድውዱ ከከሰለው ግንድ ላይ ቅጠል አወጣ። አጠገቡ የነበረው ዳግላስ ፈር ግን ሞቶ ቀረ፤ የሞተ እንጨት ደግሞ ቶሎ ካልተነሣ ይበሰብሳል። ባለ ደኑ ሁሉ በአንድ ሰሞን ቆራጭና መኪና ፈለገ፤ በዙሪያው የቀረው መጋዝ ቤት ዳቨንፖርት ላይ ያለው ቢግ ክሪክ ብቻ ነው። ቤቱን መልሶ ልሥራ ያለ ባለ ደንም የኢንሹራንስ ነገር ጠበቀው፤ በ2023 የግዛቲቱ ትልቁ የቤት ዋስትና ሰጪ አዲስ ውል አልፈርምም ብሏል።

ነባሮቹ ሕዝቦች በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እያቃጠሉ ያቆዩት ተራራ መቶ ዓመት እሳት ተከልክሎ ቆየ፤ ወለሉ ላይ የተከማቸው ጭራሮና ቅጠል ነው የነደደው። አሁን ትናንሽ ባለ ደኖች በማኅበር ተሰባስበው፣ አንዱ የሌላውን መሬት በደቦ እንደሚያርም ገበሬ፣ በተራ ያቃጥላሉ። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ በጥንቃቄ ያቃጠለ ሰው ለማጥፊያው ወጪ እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው ክብሪት የማይነካው ተራራውን ሳይሆን ቤቱን የሚያሳጣውን ክስ ፈርቶ ነበር።

በእኛ በኩል ዛሬ የግል ደን ወሬ የሚወራው አዊ ላይ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ሰሜን፣ ገበሬው አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ተከለ። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ወይም ስንዴ በችግኙ መሐል ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱም ናይትሮጂን አግኝቶ ይታደሳል። ከሰሉ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይገባል። የተራቆተው ወረዳ በደን ተሸፈነ፤ የቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ሆነ። ይህን ያመጣው ዘመቻ አይደለም፤ በይዞታ ደብተር ላይ ስሙ የሠፈረ ገበሬ ነው።

ጎጃም ውስጥ መራዊ አካባቢ ደግሞ ባህር ዛፍ የእህል ማሳ ገባ፤ አጣናው እስከ ሱዳን ይሸጥ ነበር። ባለሙያዎች ውኃ ይጠጣል፣ አጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ትግራይ ክልል በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል እስከ መከልከል ሄዷል። ገበሬው ግን ለማዳበሪያ ዕዳ አያስገባኝም፣ ጉልበት አይጠይቀኝም፣ ልጄ ከተማ ቢገባ እንኳ ብቻውን ያድጋል ይላል፤ እርሱም ትክክል ነው። ከማሳው ላይ እንዳለ ቆሞ ሲሸጠው ግን ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ስንት ሜትር ኩብ እንጨት እንደሸጠ የሚነግረው ሰው የለም።

ከ2020 አካባቢ ጀምሮ ዝገት የሚሉት የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው። አንድ ዓይነት ዛፍ ከዳር እስከ ዳር ሲተከል የሚሆነው ይኸው ነው፤ የኦክላንድ ኮረብታም ያየው በሽታው በብርድና በእሳት መልክ መጥቶ ነው። ገበሬው ለምን አንድ ዛፍ ብቻ ይተክላል ቢባል፣ መልሱ የእምነቱ ልክ አምስት ዓመት ስለሆነ ነው። ጽድ ለመድረስ ስድሳና ሰማንያ ዓመት ይፈልጋል። ይህን ያህል ዘመን የሚያምን ባለ ይዞታ እኛ አገር ብዙ አይደለም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የመሬት ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ አይቷላ።

ሕጉ ራሱም ያደናቅፈዋል። ከ1994 አዋጅ ጀምሮ ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ በስም ተጠርተው ጥበቃ ተደርጎላቸዋል፤ ዓላማው የተፈጥሮ ደንን ማዳን ነበር። በተግባር ግን ማሳው ላይ የበቀለችውን ዋንዛ ለመቁረጥ ወይም ጣውላውን በኬላ ለማሳለፍ ደጅ የሚጠና ጎረቤት ያየ ገበሬ፣ ቡቃያዋን ገና በአረም ጊዜ ይነቅላታል። የ2018ቱ የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ባለቤትነት አውቋል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። የጎደለው የካሊፎርኒያው ትንሽ ባለ ደን ያገኘው ዓይነት ወረቀት ነው፦ ዛፉ ገና ችግኝ ሳለ፣ የተከለው ሰው ሲደርስ ይቁረጠው ብሎ የሚፈርም። ዋንዛና ጽዱ በይዞታ ደብተሩ ላይ ከእነ ተተከለበት ዓመት ይመዝገብ። ከተፈጥሮ ደን የተሰረቀውን እንጨት ከማሳ ከተቆረጠው በምን እንለያለን የሚሉ የደን ባለሙያዎች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ይህን ያቃለለችው በኬላ አይደለም፤ ከግንድ ግንድ እየዞረ ቀለም የሚቀባ፣ በፈቃዱም የሚጠየቅ ባለሙያ አስቀምጣ ነው። ቀበሌው ውስጥ የደን ሠራተኛ ካለ ያንኑ ሥራ ማሠራት ይቻላል፤ ሰውየው ሲሾም ግን የመጀመሪያ ሥራው መቁጠር እንጂ መከልከል እንዳይሆን።